ሳጥኗ ስትቆም

አዛውንቱ ሹፌር ጡረታ ከወጡ ወዲህ የተናገሩት ቃል ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹ «እህ» ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ከዳር እስከ ዳር ያለ የአስፋልት ጉድጓድ ሁሉ ሲያያቸው ብድግ ብሎ እጅ ሊነሳ ይቃጣዋል። ከመሪው ከወረዱበት ቀን ጀምሮ ግን በልጃቸው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር፣ በድሮው የሹፌር ወንበር መከዳ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ለጎሙ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ይሄኔ ባንክ ነበር።

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ግማሹ መኖሪያ ግማሹ ስፌት ቤት ነው፤ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ መጀመሪያ የሰው ሱሪ ይነሳል፣ ቀጥሎ በእጅ ይዳበሳል፣ መርፌ ባለቤትና እንግዳ አይለይማ። በዚያ ሁሉ ጨርቅ መሀል ማንም የማይነካው የአባቷን መከዳ ብቻ ነው። ቆዳው ተላልጦ የዓለም ካርታ መስሏል፤ የጠርዙ ስፌት ግን እንደ ብረት ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ከመንገድ ገብተው እንደ ግንድ ሲጋደሙ፣ መከዳውን ሰርቃ ከጠርዙ ትንሽ ትተረትርና እንደነበረ አድርጋ መልሳ ለመስፋት ትታገል ነበር። ሙያውን ማን አስተማረሽ ሲሏት «መከዳ» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች።

የማትስቅበት ነገር አንድ ነው። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ስትድህ ነው። እናቷን በደንብ የሚያውቅ፣ በሕይወት የቀረ ሰው ቢኖር እኚሁ መስኮት ሥር የተቀመጡት ናቸው። እሳቸው ደግሞ እናቴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ሲባሉ «ደግ ነበረች» ይሉና አንድ «እህ» ይመርቁበታል። ድሮ መንገድ ላይ ስለነበሩ፣ አሁን ደግሞ ዝም ስላሉ፣ ልጅቱ ስለ እናቷ የምታውቀው ከአንድ ጉርድ ፎቶና ከአንድ «እህ» አልበለጠም። ሰውየው ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ያን ሁሉ ወሬ እንደያዙ አንድ ቀን ሊሄዱ ነው ብላ ስታስብ መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

ሳጥኗ የመጣችው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

የገዛቻት መንገዱ ጥግ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ባለሱቁን ሰፈሩ «ዋስትና» ብሎ ይጠራዋል፤ ከሱ ሱቅ የወጣ ዕቃ ሁሉ ዋስትና አለው። ዕቃው ላይሠራ ይችላል እንጂ ዋስትናው ሁልጊዜ ይሠራል። ያልወደደ ሰው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መመለስ ይችላል። ሳጥኗ ጥቁር ናት፣ ከሳሙና ብዙም አትበልጥም፤ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ስትገጠም የዓለምን ቪዲዮ ሁሉ በኢንተርኔት ጎትታ ሳሎን ድረስ ታመጣለች ተብሎላታል። ርካሽ ናት፣ ርካሽነቷንም አትደብቅም። ምስሉ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል፤ መሀል ላይ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ሰው ሽንኩርት ከትፎ እስኪመለስ ትሽከረከራለች። ሪሞቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲያነጣጥሯት አትሰማም፤ ወደ ጣሪያ ሲያነሷት ግን እሺ ትላለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ቪዲዮ የሚመርጥ ሰው ሁሉ ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር።

የልጅቱ ባል ይህን መቻል አልቻለም። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፎቅና በፎቅ መሀል የቆመ ነገር ሲያስኬድ ይውላል። የቆመ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሌላው ቀርቶ የዳቦ ሰልፍ እንኳ ሲቆም ፊት ሄዶ ካላየሁ የሚል ሰው ነው። ሳጥኗ በቆመች ቁጥር ጥርሱን እያፋጨ፣ ይቺ ነገር ሳምንቱ ሳያልቅ ትመለስ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፣ ሰው ገዛ ብለሽ መግዛትሽ ነው፣ ይላል። ሚስቱም አልተከራከረችውም። እመልሳታለሁ ብላ ካርቶኗን አውጥታ በሩ አጠገብ አስቀመጠች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክራት ብላ ሪሞቷን ወደ ጣሪያ አንስታ አንዱን ስትጫን ሌላው ተከፈተ። አንድ ሥራ የፈታ ሰው አውቶቡስ መስታወት ላይ ካሜራ ገጥሞ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን መንገድ እንዳለ ቀርጾታል። ሰው የለበትም፣ ወሬ የለበትም፣ ሙዚቃ የለበትም፤ መንገድ ብቻ። ገደል፣ ድልድይ፣ ዳገት፣ እየመጣ እግር ሥር የሚገባ አስፋልት። ይኼን ደግሞ ማን ያየዋል ብላ ልታጠፋው ስትል የአባቷን ቀኝ እግር አየች።

እግራቸው ወለሉን ቀስ አድርጎ ረግጦታል።

ቀጥሎ ግራ እግራቸው ሄደ። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነስቶ አየር ላይ ያለ ማርሽ ጨበጠና ወደ ሁለተኛ መለሰ። ወገባቸው ቀና፣ አንገታቸው ቀና፣ ዓይናቸው ሩቅ ሄደ፤ ከከንፈራቸው መሀል ደግሞ የናፍጣ ሞተር ተነሳ። ጥርሱ ያለቀ አፍ እንደዚያ ያለ ሞተር ያስነሳል ብሎ ማን ያስባል? ጎረቤት፣ ደረጃው ላይ መኪና ያስገባው ማነው ብሎ በር ከፍቷል። መታጠፊያው ሲመጣ አዛውንቱ ወደ ግራ ጋደል አሉ። ልጃቸውም ጋደል አለች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የክር ጥቅል ተንከባሎ ወደ ግራ ሄደ፤ የማያምን ካለ መጥቶ ክሩን ይጠይቅ።

ልክ መታጠፊያው መሀል ሳጥኗ ቀጥ አለች። ክቧ መሽከርከር ጀመረች።

አዛውንቱ አጠገባቸው የተደገፈውን ከዘራ እንደ እጅ ፍሬን ጎትተው ያዙ። ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ መከዳው ላይ እንዳሉ ወደ ኋላ ዞረው ልጃቸውን እንደ ሙሉ አውቶቡስ ቃኟት።

«ዕረፍት ነው» አሉ። «ውሃ የሚጠጣ ይጠጣ፣ እግሩን የሚያፍታታ ያፍታታ። እንደዚህ ያለ መታጠፊያ ላይ ነው አንዴ ሙሽሮች ጭኜ ሽንት ልንሸና ወርደን፣ ሙሽራውን ከቁጥቋጦ ጀርባ ረስተነው የሄድነው። ሙሽሪት ናት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሹፌር፣ አንድ ዕቃ የጎደለኝ መሰለኝ ያለችኝ።»

ልጅቱ የያዘችው ሪሞት ከእጇ ወደቀ። ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ከአባቷ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። እሷ አፏን እንደከፈተች ምስሉ ሄደ። አዛውንቱ ከዘራውን ለቀቁ፣ አፋቸውን እንደ መሳቢያ ዘጉ፣ ነዱ።

ካርቶኑ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ አልጋ ሥር ገባ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ቀን በቃው። ምድር ቤት ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ሥራዋን ጨርሳ፣ ዱቄቷን ሳታራግፍ ወጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በመጀመሪያው ዳገት ፊቷ ከዱቄቷ በላይ ነጣ፤ በማግስቱ ሎሚ ይዛ መጣች። የሰፈሩ ሰዎች ሁላችንም ሄደናል። ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ ከፊት ማን ይቀመጥ በሚል የተኳረፉም አሉ። አዛውንቱ ሲነዱ ሳሎኑ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል፤ ሳጥኗ ስትቆም ከዘራው ይጎተትና ወሬው ይጀመራል። ጭጋግ ውጧቸው በውሻ ጩኸት እየተመሩ የነዱበት ቀን አለ። ጎማ ፈንድቶ ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ በአፉ የነፋበት ቀን አለ። የኋለኛው ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ አናውቅም፤ ብቻ ማንም የጎማው ጣዕም አፉ ላይ ሳይመጣበት አልወጣም።

እኛን ያስደነቀን ወሬው ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ አገር፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ያ ሁሉ ሰው ከነሻንጣው በዚያች መስኮት ሥር ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ በአጠገቡ «እንደምን ዋሉ» እያልን እናልፍ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ አንዴ ደረጃ ስንወርድ ቆም ብላ፣ የሁሉም ሰው አባት ውስጡ እንዲህ ይሆን ብላ ጠየቀች። ሁሉም የራሱን አባት እያሰበ ወረደ መሰለኝ።

አንድ ቀን በረጅም ሜዳ ላይ፣ ዛፍ እንኳ በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳጥኗ ቆመች። አዛውንቱ ከዘራውን ያዙ። ወደ ኋላ ግን አልዞሩም፤ ሜዳውን ሲያዩ ቆዩ።

«እናትሽን ያገኘኋት እንደዚህ ያለ ሜዳ ላይ ነው» አሉ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ሞተሩ ጦፎ አውቶቡሱ ቆሟል። ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ እነሱ ቺንጊያ የሚሉት፣ ተበጥሷል፤ መለዋወጫም የለም። ተሳፋሪው ወርዶ በየተራ ይራገማል፤ አንዱ ሹፌሩን፣ አንዱ አውቶቡሱን፣ አንዱ የገዛ ዕድሉን። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዲት ቀጭን ልጅ ዝም ብላ መጥታ ሞተሩ ላይ ተጎነበሰች። የተበጠሰውን ቺንጊያ አንስታ በጣቷ ለካችው። ከዚያ የጉዞ ቦርሳዋን ሰፊ ማንገቻ ከሁለት በኩል ቆረጠች።

«ከአንገትጌዋ ሥር መርፌ መዘዘችና...» አሉ አዛውንቱ።

ምስሉ ሄደ። ከዘራው ተለቀቀ።

ልጃቸው ተነስታ አጠገባቸው ቆመች። መርፌ! እናቷ መርፌ ትይዝ እንደነበር እስከ ዛሬ የነገራት የለም። መዘዘችና ምን፣ አባዬ፣ ብላ ጠየቀች፤ አባቷ ግን ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ሳጥኗ የክፋቷን ያን ዕለት ዳግመኛ ሳትቆም መድረሻ ደረሰች። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላም ጠየቀቻቸው። መንገድ ላይ የተጀመረ ወሬ የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው ብለዋት ገብተው ተኙ።

በማግስቱ የሳምንቱ መጨረሻ ነበር። ልጅቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ባልየው በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ በፈገግታ ሁለት እጥፍ ሰፍቶ ጠበቃት። አማቱ በየመታጠፊያው እየቆሙ መጉላላታቸው አንጀቱን በልቶት፣ ያቺን ሰነፍ ሳጥን ወስዶ ለዋስትና መልሶ፣ ጥቂት ብር ጨመር አድርጎ የማትቆመዋን፣ ጎበዟን ሳጥን አምጥቷል። በገዛ እጁም ገጥሟታል።

«አሁን አባባ ቢነዱ ቢነዱ አይቆሙም» አላት።

እውነቱን ነው። አዲሲቱ ሳጥን እንደ ቅቤ ነበረች። አዛውንቱ ዳገቱን ነዱ፣ ቁልቁለቱን ነዱ፣ ሜዳውን ነዱ፤ ውሃ ሳይጠጡ፣ ሳይዞሩ፣ ቃል ሳይተነፍሱ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዓይናቸው ደም መሰለ። ዳቦ ጋጋሪዋ ያመጣችውን ሎሚ ሁሉ ጨርሳ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ተንጠባጥቦ አለቀና ሳሎኑ ባዶ አውቶቡስ ሆነ። ልጅቱ ብልሃት ያገኘች መስሏት ሜዳው ላይ ሲደርሱ በሪሞት አቆመችው።

«ፍሬን የነካው ማነው?» አሉ ሳይዞሩ። «እኔን መንገድ ያቆመኛል እንጂ ተሳፋሪ አያቆመኝም።»

ያኔ ነው የገባት። በልጅነቷ አንዴ አብራቸው ተጉዛለች። ከራሳቸው በላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን እየፈደለች ስታነብ ነው የደረሰችው፤ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው ይላል። ሌላው ሹፌር ሁሉ እዚያው ጽሑፍ ሥር እያወራ፣ እየሳቀ፣ የቤቱን ጣጣ እየተነተነ ይነዳል። በዓለም ላይ ያንን ጽሑፍ ያመነ ሹፌር አንድ ቢኖር አባቷ ናቸው። ሲነዱ አያወሩም፤ የሚያወሩት ሲቆሙ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ዝም ያሉት ወሬ አልቆባቸው አይደለም፤ ፌርማታ አጥተው ነው።

ይህንን ለባሏ ነገረችው። ሊፍት ጠጋኙ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በሕይወቱ ስንት የቆመ ነገር አስኪዷል፣ ተመርቋል፣ ተሸልሟል፤ እባክህ የሚሄደውን አቁምልኝ ተብሎ ግን ተለምኖ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አለች ሚስቱ፣ ጎበዟን ሳጥን ከግድግዳው እየነቀለች።

ዋስትና ሱቁ ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን ጎን ለጎን አቁሟል። በግራው ላይ ያቺ ሰነፍ ተገጥማ፣ ክቧን እያሽከረከረች ታስለቅሳለች፤ በቀኙ ላይ ጎበዟ ትፈሳለች። ግራውን ያየ ሁሉ ቀኙን ገዝቶ ይሄዳል። ልጅቱ ጎበዟን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሰነፏን ስትጠይቅ፣ ሰውየው በመጀመሪያ አልሰማም፣ ቀጥሎ አላመነም። ደህናውን መልሶ ብልሹውን የሚለምን ደንበኛ አባቱም አያቱም አላጋጠማቸውም። ሰነፏን ነቅሎ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ወዘወዛት።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውስጧ ምን አለ?»

«እናቴ» አለችው።

ከዚያም ሁሉንም ነገረችው፤ ሜዳውን፣ የተበጠሰውን ቺንጊያ፣ ቀጭኗን ልጅ፣ የተቆረጠውን ማንገቻ፣ ከአንገትጌ ሥር የተመዘዘውን መርፌ። እዚያ ላይ አቆመች።

«ከዛስ?» አለ ዋስትና።

«ከዛማ ምስሉ ሄደ።»

ዋስትና በሠርጉ ቀን እንኳ ሱቁን እስከ ምሳ ሰዓት ከፍቶ የዋለ ሰው ነው። ያን ዕለት በጠራራ ፀሐይ የብረት መዝጊያውን ጎትቶ ዘጋ፤ ሳጥኗን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃውን ከልጅቱ ቀድሞ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተጠራች። እኛም ተጠራን። ያው የሜዳው መንገድ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሳሎኑ ትንፋሹን ዋጠ።

ሳጥኗ እንደ ቅቤ ሄደች።

ዳገቱን ወጣች፣ ድልድዩን ተሻገረች፣ አንዴም አልተደናቀፈችም። ዋስትና የሸጠው ዕቃ በመሥራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ፤ ሱቄ ውስጥ ማራገቢያ ሥር ነበር ያስቀመጥኳት ብሎ እንደ ጥፋተኛ አጉተመተመ። ይህን ሲሰማ ሊፍት ጠጋኙ ብድግ አለ። ሳጥኗን በመዳፉ ነካ። ቀዝቅዛለች፣ ለካ የምትቆመው ሲሞቃት ነው፣ ብሎ በሚስቱ ጆሮ ሹክ አላት። ልጅቱ ከሶፋው ሥር የአንድ ደንበኛ ካፖርት ቅዳጅ አወጣች፣ ወፍራም ሱፍ ነው። በማሽን ብትሰፋው ድምፁ ሹፌሩን ይረብሻልና በእጇ ያዘችው። መርፌዋ ሱፉ ውስጥ እየገባች እየወጣች፣ እኛ ዓይናችንን አንዴ መንገዱ ላይ አንዴ ጣቶቿ ላይ እየጣልን፣ ሳሙና ለምታህል ሳጥን ባለ አንገትጌ ኮት ተሰፋ። በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ አለበሰቻት። ባልየው፣ እሳት እንዳይነሳ ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ይዞ ቆመ።

ሜዳው መጣ። ዛፍ የሌለው፣ ማለቂያ የሌለው ሜዳ። መሀሉ ላይ ሳጥኗ ተንገዳገደች፣ ቀጥ አለች። ክቧ መጣች። በዚያች ክብ እንደዚያ ቀን የተደሰተ ሰው የለም።

ከዘራው ተጎተተ።

«መርፌ መዘዘችና» አሉ አዛውንቱ፣ አንዴ ተንፍሰው እንደቀጠሉ ያህል፣ «ማንገቻውን ክብ አድርጋ ገጥማ መስፋት ጀመረች። እኔ ጃንጥላ ይዤ አጠልልላታለሁ። መርፌውን አንድ ወደፊት ትሰዳለች፣ ግማሽ ትመልሳለች፣ ቋጠሮ ትጥላለች። አንድ ወደፊት፣ ግማሽ ወደኋላ፣ ቋጠሮ። ይኼማ ከዚያ ጉብታ አያልፍም አልኳት። ካለፈስ አለችኝ። ካለፈ አገባሻለሁ አልኩ። ቀልዴን ነበር።»

ዋስትና ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

«አለፈ» አሉ። «መድረሻ ድረስ ሄደ። ሌላ ቺንጊያ ተገዝቶ እንኳ አልቀየርኩትም፤ እስኪያልቅ ድረስ ስንት ጋራዥ እየመጣ አየው። እሷም ትሠራው የነበረው ይኼንኑ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። ኋላ ደግሞ ወንበሩ ጎረበጠህ ብላ ይችን ሰፋችልኝ።» የተቀመጡባትን መከዳ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ላይ ተቀምጬ አልነዳሁም።»

ልጅቱ መከዳውን አየች። በልጅነቷ እየተረተረች መልሳ ስትሰፋው የኖረችውን ጠርዝ አየች። ከዚያ የገዛ ጣቶቿን፣ የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው፣ አገላብጣ አየች። ዳቦ ጋጋሪዋ ሎሚዋን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ዓይኗ ሞላ፤ ሎሚው ነው እንዳትል እንኳ አልተላጠም።

ክቧ አሁንም ትሽከረከራለች፤ ኮቱ ሥራውን እየሠራ ነው። የአዛውንቱ ዓይን እዚያ ላይ ወደቀ።

«ኮት ያለበሳት ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ። በአውራ ጣታቸው የኮቱን ጠርዝ ቀስ ብለው ዳሰሱት። አንድ ወደፊት። ግማሽ ወደኋላ። ቋጠሮ። ጣታቸው እዚያ ቋጠሮ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እኛም ቆምን።

«እህ» አሉ።

ያቺን «እህ» የሚይዝ የሻይ ማንኪያ አልተሠራም፤ የሰፈሩ ባልዲ ሁሉ ቢሰለፍም የሚበቃት አይመስለኝም። ሊፍት ጠጋኙ የያዘውን ባልዲ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ሳጥኗ ትቀመጥ ወይስ ትመለስ ብሎ ዳግመኛ የጠየቀ የለም፤ ዋስትና ካርቶኗን ራሱ ቀዶ ጣለው።

ልጅቱ አባቷ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋን መከዳው ጠርዝ ላይ አስደገፈች። ምስሉ ሄደ። አዛውንቱ ከዘራውን ለቀቁ፣ ሞተሩን አስነሱ፤ መታጠፊያ እየመጣ ነበርና ሁላችንም የምንይዘውን ያዝን።